ለመሬት መንቀጥቀጥ የሚሰናዳ የቤተ ሰብ ስንቅ

(በራዲዮ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጉዳይ በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ ለሚኖሩ፣ ይልቁንም በመንግሥት ሥራ ተመድበው በዚያ አገር ቤት ንብረት ላቆሙ ሰዎች የታሰበ ነው። ይኸውም ምድር ድንገት በምትናወጥበት ጊዜ ቤተ ሰቡ አንሥቶ የሚወጣውን ጥቅል አስቀድሞ ስለ ማሰናዳት ነው።

ይህን ስናገር፦ «የመሬት መንቀጥቀጥ የአፋርና የስምጥ ሸለቆ ጣጣ ነው እንጂ ከስሜን ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አድማጭ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አነጋገሩ በከፊል እውነት አለበት። በአገራችን ምድር ደጋግማ የምትናወጠው በስምጥ ሸለቆው ውስጥ፣ በአፋር ዝቅተኛ ምድርና ደጋው ወደ አፋር ተቈርጦ በሚወርድበት የገደል ጠርዝ ላይ ነው። በነሐሴ ወር 1898 ዓ.ም. በላንጋኖ ሐይቅ አካባቢ የተነሣው ብርቱ መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ በደረሰው መናወጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሷል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውም አውራ ጎዳና በናዳና በስንጥቅ ተበላሽቷል። በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር የምትገኘው ሰርዶ ፈርሳ ሰዎች ሞተዋል። የቅርቡን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ ለወራት በተደጋገመው መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቋል፤ የካቲት 7 ቀን የደረሰውም በመለኪያው 6.0 ሆኖ ተመዝግቧል። በአዲስ አበባ በፎቅ ላይ የሚኖር ሰው በእነዚያ ወራት ሌሊት አልጋው ሲወዛወዝ እየነቃ በደረጃ ወደ ታች ይሮጥ ነበር።

የስሜን ተራሮች ከዚህ መስመር ፈቀቅ ብለው የሚገኙ ናቸው። ተራሮቹን ያቆመው እሳተ ገሞራም ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የነበረና ፈጽሞ የጠፋ ነው። ይሁን እንጂ ከመስመሩ ፈቀቅ ማለት ከአደጋው ነፃ መውጣት አይደለም። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን የሞሮኮ ነገር ነው። ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ በአትላስ ተራሮች በመለኪያው 6.8 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ። በዚያ ተራራማ አገር እንዲህ ያለ ብርቱ መናወጥ ተለምዶ አያውቅም ነበር። ቤቶቹ እንደ እኛዎቹ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠሩ ነበሩና በተኙት ላይ ወደቁ፤ ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ። ከሁሉ ይልቅ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። በተራሮቹ ወገብ ላይ የተጠመዘዙትን መንገዶች ቋጥኝ ዘጋቸው፤ ስለዚህ የርዳታ መኪና ከብዙ መንደሮች ሳይደርስ ቀናት አለፉ። የተረፈው ሰው ጎረቤቱን በእጁ እየቈፈረ አወጣ፤ በብርድም ደጅ አደረ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ደባርቅ ከጎንደር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከእርስዋ ወደ ሰሜን የሚወርደው የሊማሊሞ መንገድ በገደል ላይ የተጠመጠመ ስለ ሆነ፣ ምድር ባትናወጥ እንኳ በክረምት ናዳ ምን እንደሚያደርገው ያለፈበት ሹፌር ሁሉ ይናገራል። በነሐሴ ወር 2016 ዓ.ም. በዚያው በሰሜን ጎንደር ዞን፣ በጠለምት ወረዳ፣ ዝናብ ያራሰው መሬት ተንሸራትቶ ሰዎችን ገድሏል፤ ከሁለት ሺህ በላይ የሆኑትንም ከቤታቸው አፈናቅሏል። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ በነበረው ጦርነት ጊዜም ብዙ ቤተ ሰብ የለበሰውን ብቻ ይዞ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ገብቶ ነበር። ስለዚህ በድንገት ከቤት መውጣት ለዚህ አገር ሰው በወሬ የሚያውቀው ነገር አይደለም። እኔም ስለ መንቀጥቀጥ ብዬ የምመክረው ጥቅል ለናዳም፣ ለእሳትም የሚያገለግል ነው።

በውጭ አገር የሚታተሙትን የጥንቃቄ ጽሑፎች ያነበበ ሰው ስለ ቆርቆሮ ምግብና ስለ ቆርቆሮ መክፈቻ፣ ስለ ልዩ ልዩ ውድ መሣሪያ ያገኛል። ደመወዝተኛ ሰው ያን ሲያይ ዋጋውን ያሰላና ጉዳዩን ይተወዋል። እኔ ግን የእነርሱ ዝርዝር ለእኛ አይሆንም ባይ ነኝ። ለረጅም ጉዞና ለዘመቻ ይወጡ የነበሩ አባቶቻችን ሳይበላሽ የሚቆይ፣ ሳይከብድ የሚያጠግብ ስንቅ ማሰናዳት ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ዳቦ ቆሎ፦ ከእነዚህ የሚበልጥ የአደጋ ጊዜ ምግብ በየትኛውም ሱቅ አይገኝም። በሶ እሳት አይጠይቅም፤ በውሃ ብቻ ይበጠበጣል። ስሜን ደግሞ የገብስ አገር ነው። ለአንድ ቤተ ሰብ የሦስት ቀን በሶና ቆሎ፣ በትንሽ ጨውና ስኳር ታግዞ፣ ከአንዲት መካከለኛ ከረጢት አያልፍም። ሦስት ቀን የምለውም መንገድ እስኪጠረግ የሚያስፈልገውን ጊዜ ገምቼ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ በገደል ሥር የሚኖር ሰው አምስት ቢያደርገው አይቈጨውም።

ከምግብ የሚበልጠው ውሃ ነው። ለአንድ ሰው በቀን ለመጠጥና ለጥቂት ጽዳት አራት ሊትር ብንቈርጥ፣ አምስት ነፍስ ያለው ቤተ ሰብ ለሦስት ቀን ስልሳ ሊትር፣ ማለትም ባለ ሃያ ሊትር ሦስት ጀሪካን ያስፈልገዋል። ይህን ተሸክሞ መሮጥ አይቻልም፤ ስለዚህ ጀሪካኑ ከቤት ውጭ፣ ግድግዳ ቢወድቅ በማያገኘው ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ ውሃውም ቶሎ ቶሎ ይለወጥ። በጥቅሉ ውስጥ ግን በየሰዉ አንዳንድ ጠርሙስ ውሃ፣ በመድኃኒት ቤት ከሚሸጠውም የውሃ ማከሚያ ጥቂት ይጨመር። ምድር ስትናወጥ ቧንቧ ይሰበራል፤ የምንጭ ውሃም ይደፈርሳል።

ሦስተኛው ብርድ ነው። ይህን ቈላ ለሚኖር ሰው ብናገር ኖሮ በአንድ ቃል አልፈው ነበር። በደባርቅና በዳባት ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ያድራል። ከሚወድቅ ግድግዳ ያመለጠ ሕፃን ወይም ሽማግሌ በዚያ ሌሊት ደጅ ሲያድር በብርድ ሊሞት ይችላል። ነጠላና ሻሽ አይበቃም። አሮጌም ቢሆን ለሁለት ሰው አንድ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ፣ ለየልጁ ሹራብና ካልሲ፣ ከመሬት የሚያነሣ አንድ ሸራ ወይም ወፍራም ላስቲክ ይታሰር። ጫማንም አትርሱ። በሌሊት መናወጥ ሰውን ቶሎ የሚያቆስለው የተሰበረ መስተዋትና ሚስማር የወጣበት ጣውላ ነው፤ ስለዚህ ጫማና የእጅ ባትሪ በጥቅሉ ውስጥ ሳይሆን ከአልጋው አጠገብ፣ እጅ በጨለማ ከሚያገኘው ቦታ ይደር። ሻማና ክብሪት መያዝ ይቻላል፤ ነገር ግን ምድሩ ከጸጥ በኋላ ወዲያው አይለኮስም፤ ጋዝ አፍስሶ ሊሆን ይችላልና።

ስለ እሳት ካነሣሁ አይቀር፣ በነሐሴ 26 ቀን 1915 ዓ.ም. በጃፓን ቶኪዮን ያጠፋው መንቀጥቀጥ የደረሰው ለእኩለ ቀን ሁለት ደቂቃ ሲቀር፣ በየቤቱ ምሳ በሚበስልበት ሰዓት ነበር። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ሲሞት አብዛኛውን የገደለው ከምድጃ የተነሣው እሳት ነው። ጃፓኖች ዛሬም በየዓመቱ በዚያ ቀን ልምምድ ያደርጋሉ፤ የመውጫ ከረጢታቸውንም ይፈትሻሉ። በእኛም ቤት ጉልቻ፣ የከሰል ምድጃና ቡታጋዝ አለ። መናወጡ ሲጸጥ፣ ከመውጣት በፊት ወይም በመውጣት ላይ፣ እሳቱን የሚያዳፍነውና የመብራቱን ቆጣሪ የሚያጠፋው ሰው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይነገር።

መድኃኒት በየቀኑ የሚወስድ ሰው፣ እንደ ስኳርና እንደ ደም ግፊት ያለ ሕመም ያለበት፣ የአንድ ሳምንት መድኃኒት ለብቻው ይያዝ። ፋሻ፣ ሳሙና፣ መቀስ፣ ለሴቶች የወር አበባ መጠበቂያ፣ ሕፃን ላለበትም የሕፃኑ ነገር ይጨመር። በዚህ ብዙ አልቈይም፤ እናቶች ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች ግን ስለ ወረቀት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የቅጥር ደብዳቤ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የቤት ይዞታ ማረጋገጫ፣ የጡረታ ሰነድ፦ እነዚህ ቢጠፉ ምን ያህል መሥሪያ ቤት እንደሚያዞሩ በጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠን የምናየው እኛው ነን። «ማስረጃ አምጣ» ብለን የምንመልሰው ባለጉዳይ ነገ ራሳችን ልንሆን እንችላለን። የሁሉም ግልባጭ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ተጠቅልሎ በጥቅሉ ውስጥ ይግባ፤ ሌላ ግልባጭ በሌላ ከተማ ካለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። ከዚያው ጋር በአሥርና በሃምሳ ብር የተዘረዘረ ጥቂት ገንዘብ ይኑር፤ መብራትና የስልክ መስመር ሲቋረጥ በስልክ ያለ ሒሳብ እንጀራ አይገዛም። የዘመዶችም የስልክ ቍጥር በወረቀት ይጻፍ፤ ዛሬ የልጁን ቍጥር በቃሉ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

ራዲዮን በራዲዮ ማመስገን ራስን ማመስገን ይመስላል። ቢሆንም ስልክ በዘጋበት ቀን የት መጠለያ እንዳለ፣ የትኛው መንገድ እንደ ተከፈተ የሚነግረው በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ራዲዮ ነው። ባትሪው ከውስጡ ወጥቶ ለብቻው ይቀመጥ፤ ተረስቶ ከቈየ ይፈስና ራዲዮኑን ያበላሸዋል። ለየልጁ በአንገት የሚንጠለጠል ፊሽካም ይገዛ፤ በፍርስራሽ ሥር ያለ ሰው በጩኸት ቶሎ ይደክማል፤ በፊሽካ ግን ለብዙ ጊዜ መጣራት ይችላል።

አካፋ፣ ዶማና መጥረቢያ ደግሞ ከቤት ውጭ ይደሩ። ቤቱ የወደቀበት አካፋ ለማንም አይጠቅም። በዚህ ነገር እድሮቻችን ሊያስቡበት ይገባል ብዬ አምናለሁ። በየሰፈሩ ያለው እድር ለሐዘን የተገዛ ድንኳን፣ ትልልቅ ድስትና ምንጣፍ አለው፤ ገንዘብ ያዥና ጥሪ የሚያደርስ ሰውም አለው። በዚህ ላይ ሁለት ቃሬዛ፣ ጥቂት ዶማና አንድ ረጅም ገመድ ቢጨመር፣ ዕቃውም በድንጋይ ግድግዳ ቤት መሆኑ ቀርቶ በቀላል የቆርቆሮ መጋዘን ቢቀመጥ፣ መኪና ከጎንደር እስኪደርስ ሰፈሩ ራሱን ይረዳል።

ምድር ስትናወጥ ከበሩ ሁለት ሦስት እርምጃ ያህል ብቻ የራቀ ሰው ወደ ሜዳ ይውጣ። ከውስጥ ያለው ግን ከመሮጥ ይልቅ በጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ፣ ራሱን በክንዱ ሸፍኖ ይጠብቅ። ጥቅሉን ፍለጋ ማንም በመናወጡ መካከል አይመለስ። የሚሰበሰቡበትም ቦታ ከግድግዳ፣ ከመብራት ምሰሶና ከገደል ሥር የራቀ ይሁን። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የደረሰውን እናስታውስ፤ ከሁለት መቶ በላይ ከሞቱት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው መጣ። በገደል ሥር የሚቆፍሩ ሰዎች ካሉ፣ ሌላ አንድ ሰው ሥራው ዐይኑን ከገደሉ ላይ አለማንሣት ብቻ ይሁን።

ጥቅሉ በቆጥ ላይ ወይም በጓዳ አይቀመጥ፤ በበሩ አጠገብ በችንካር ይንጠልጠል፤ የቤቱም ሰው ሁሉ፣ ሠራተኛይቱም ጭምር፣ ቦታውን ይወቅ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመስከረምና ከፋሲካ በኋላ፣ ይፈታ። በሶውና ቆሎው ተበልቶ በአዲስ ይተካ፤ መድኃኒቱ ጊዜው እንዳላለፈ፣ ባትሪውም እንደሚያበራ ይፈተሽ። የልጆቹ ጫማ በተለይ ይታይ፤ በመስከረም ልክ የነበረው በሚያዝያ እግራቸው ላያልፍ ይችላልና።