እሽት የማይገባቸው ሕመሞች



በኢትዮጵያ ማሸት ወደ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት በቤት ውስጥ የኖረ ሙያ ነው። ሕፃን በቅቤ ይታሻል፤ አራስ ወገቧንና እግሯን ትታሻለች፤ ወለምታ የደረሰበት ሰው ወደ ወጌሻ ይወሰዳል፤ ፍል ውኃ ገብቶ የወጣ መንገደኛም ገላውን የሚያሽለት ይፈልጋል። ዛሬ በየከተማው አልጋ ዘርግቶ፣ ዘይት አዘጋጅቶና የምስክር ወረቀቱን ከግድግዳ ላይ ሰቅሎ የሚሠራው ባለሙያ የዚህ ረዥም ልማድ ወራሽ ነው። ከወረሳቸው ነገሮች መካከል ግን አንዱ እምነት አደገኛ ሆኖ ይገኛል፤ ይኸውም የታመመ አካል ሁሉ ቢታሽ ይሻለዋል፣ ባይሻለው እንኳ አይጎዳም የሚለው ነው። እርግጥ የእሽት ባለሙያ ሐኪም እንዲሆን አይጠበቅበትም፤ የበሽታ ስም መስጠትም ሥልጣኑ አይደለም። የሚጠበቅበት እጁን መቼ ማንሣት እንደሚገባው ማወቅ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መነሣት ያለበት በእግር ጥልቅ የደም ሥር ውስጥ የሚረጋው ደም ነው። ደም በሥሩ ውስጥ እንዲረጋ የሚያደርጉት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ የፍሰቱ መዘግየት፣ የደም ሥሩ ግድግዳ መጎዳትና የደሙ ራሱ ለመርጋት መፋጠን። ሦስቱ እስከ ዛሬ የሚጠሩት በጀርመናዊው ሐኪም በሩዶልፍ ፊርኮ ስም ነው። በሳንባ ውስጥ ተወትፎ የሚገኘው የረጋ ደም ከእግር ተነሥቶ ሊሄድ የሚችል መሆኑን በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ያስረዳው እርሱ ነበር።

እንግዲህ አንዲት ወላድ በወለደች በሁለተኛው ሳምንት የግራ ባቷ ከበዳት፣ አበጠ፣ ሲነኩትም ያማታል እንበል። ቤተሰቡ ብርድ ነው ይላል። ብርድ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ የሞቀ ቅቤና የበረታ እጅ ነው ተብሎ ይታመናል። ነገር ግን የአራስነት ወቅት ሦስቱ ምክንያቶች በአንድ ላይ የሚገናኙበት ጊዜ ነው። ተፈጥሮ እናቲቱ ደም ፈስሷት እንዳትሞት ስትል ደሟን ለመርጋት የፈጠነ ታደርገዋለች፤ በእርግዝናው ወራት ማሕፀን ተጭኗቸው የቆዩት የደም ሥሮች በወሊድ ጊዜም ይጎዳሉ፤ አራስ ከአልጋዋ እንዳትነሣ የሚከለክለው ልማድ ደግሞ ፍሰቱን ያዘገየዋል። በቀዶ ሕክምና የወለደች እንደሆነ አደጋው ይብሳል። ይህም ስጋት ቢያንስ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ድረስ የሚቆይ ነው። እንዲህ ያለ ባት በኃይል ቢታሽ የረጋው ደም ተቆርሶ በትልቁ የደም መልስ በኩል ወደ ልብ፣ ከልብም ወደ ሳንባ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚታየው ድንገተኛ የትንፋሽ እጥረት፣ ደረትን የሚወጋ ሕመም፣ አንዳንዴም ራስን ስቶ መውደቅ ነው። ሞትም በደቂቃዎች ውስጥ ሊመጣ ይችላል።

በዚህ ረገድ ባለሙያው መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ በጣም ቀላል ነው፤ የሚያመው ሁለቱም እግር ነው ወይስ አንዱ? ብዙ በመቆም ወይም በመሄድ የመጣ ድካም በአብዛኛው ሁለቱን እግሮች ይይዛል። የአንዱ እግር ብቻ ማበጥ፣ መሞቅ፣ መቅላት ወይም መጥቆር ሌላ ነገርን ያመለክታል። የልብስ ሰፊ ሜትር በመሣቢያ ውስጥ ማስቀመጥም ይጠቅማል። ከጉልበት በታች በቅልጥሙ ፊት ካለው የአጥንት ጉብታ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ተለክቶ ሁለቱ ባቶች ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ነገሩ የሐኪም እንጂ የእሽት ጉዳይ አይደለም። ልዩነቱ ከዚህ ማነሱ ግን ዋስትና አይሆንም። የእግርን መዳፍ ወደ ላይ አጥፎ ባቱ ያማል ወይ ብሎ የመፈተኑ ዘዴ በብዙ የቆዩ የማስተማሪያ መጻሕፍት ቢገኝም አስተማማኝ ሆኖ ስላልተገኘ በእርሱ መመካት አይገባም።

ከአራስ ሌላ ተመሳሳይ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው አሉ፤ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ እግሩ በጀሶ ታስሮ የከረመ፣ የካንሰር ሕመምተኛ፣ የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት፣ ከዚህ በፊትም ደም የረጋበት ሰው። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ድረስ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ በአውሮፕላን ተቀምጦ የመጣና በማግሥቱ እግሬን እሹልኝ የሚል እንግዳም ከእነዚህ ይቆጠራል።

የነፍሰ ጡርን ሆድ በቅቤ እያሹ ሕፃኑን ለማስተካከል መሞከር በየገጠሩ የቆየ ልማድ ነው። በኃይል የተጫነ እጅ የእንግዴ ልጁን ከማሕፀን ግድግዳ ሊያላቅቀው ስለሚችል ሆድ በምንም ምክንያት በኃይል አይታሽም። ጀርባዋንና እግሯን በቀስታ ማሸት ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከላይ የተባለው ፍተሻ ከተደረገ በኋላ ነው።

ወደ ባለሙያው የሚመጣው ሰው ከሁሉ አብዝቶ የሚናገረው ስለ ወገቡ ነው። አብዛኛው የወገብ ሕመም ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣ ስለሆነ በእሽት ይቀልላል። ኢትዮጵያ ግን የነቀርሳ በሽታ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ነቀርሳም ሳንባን ብቻ የሚይዝ አይደለም። እንግሊዛዊው ቀዳጅ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1779 እ.ኤ.አ. የጻፈለት የአከርካሪ ነቀርሳ አጥንቱን ከውስጥ ቀስ በቀስ እየበላ ለወራት ተደብቆ ይቆያል። አሳሳቹ ነገር በሽተኛው ሲታሽ ለአንድ ለሁለት ቀን የሚሻለው መሆኑ ነው፤ ምክንያቱም በታመመው አጥንት ዙሪያ የተወጠረው ጡንቻ ስለሚላላ ነው። ተደሰቶ ይመለሳል፤ ባለሙያውም እጁ የሠመረ ይመስለዋል። በዚህ መካከል የተበላው አጥንት ቢደረመስ የአከርካሪውን ነርቭ ተጭኖ ሁለቱን እግሮች ሊያሽመደምድ ይችላል። ስለዚህ ለሳምንታት የማይለቅ፣ ሌሊት የሚብስ፣ ከክብደት መቀነስ፣ ከማታ ትኩሳትና ከላብ ጋር የሚመጣ የወገብ ሕመም ከመታሸቱ በፊት መመርመር አለበት። በጣት ሲዳሰስ ከሌሎቹ ወጣ ያለ አንድ የአከርካሪ አጥንት ከተገኘ በእርሱ ላይ ፈጽሞ መጫን አይገባም። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋሞች ያለ ክፍያ የሚሰጥ ሲሆን በጊዜ የተጀመረለት ሰው ይድናል። ሽንት የከለከለው ወይም በመቀመጫው ዙሪያ የደነዘዘ የወገብ ሕመምተኛ ደግሞ ነገ ሳይባል በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል የሚላክ ነው።

የእሽት ሙያ በአንድ ነገር ላይ ይመሠረታል፤ የሚታሸው ሰው «ያማል» ሲል እጅ ይላላል። ሕመም የማይሰማው አካል ሲመጣ ይህ መሪ ይጠፋል። ለብዙ ዓመት ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሊደነዝዝ ስለሚችል የሞቀ ፎጣና የጋለ ድንጋይ ሳያውቀው ያቃጥለዋል፤ ትንሿም ቁስል ሳትድን ቀርታ እግሩን ልታስቆርጠው ትችላለች። በጣቶቹ መካከልና በተረከዙ ላይ ቁስል መኖር አለመኖሩን ዘይት ከመፍሰሱ በፊት መመልከት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም።

የሥጋ ደዌም እንዲሁ ስሜትን ይነሣል። ኖርዌያዊው ሐኪም ሃንሰን ተሕዋሲውን በ1873 እ.ኤ.አ. ካገኘ፣ በአዲስ አበባም አለርት በ1965 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ወዲህ ስለዚህ በሽታ ብዙ ታውቋል፤ በጥቂት መድኃኒቶች ኅብረትም ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ይድናል። በዚህ ላይ የእሽት ባለሙያ ከሐኪም እንኳ የሚበልጥበት አጋጣሚ አለው፤ ሰው የራሱን ጀርባ አያይም፤ ባለሙያው ግን በየቀኑ ያያል። ፈዘዝ ያለ ነጣ ያለ ምልክት በቆዳ ላይ ሲታይ ብዙ ሰው ቋቁቻ ነው ብሎ ያልፈዋል። ቋቁቻ ስሜት አይነሣም። በጥጥ ጫፍ ሲነካ የማይሰማ ከሆነ፣ በተለይም በክርኑ ጀርባ የሚያልፈው ነርቭ ወፍሮ ከተዳሰሰ፣ ሰውየውን ሳያስደነግጡና በሌላ ሰው ፊት ሳይናገሩ ወደ ጤና ጣቢያ መምራት ጣቶቹን ያተርፍለታል። ሕክምና የጀመረ ሰው በሽታውን ወደ ሌላ የማያስተላልፍ ስለሆነ በፍርሃት የሚመለስበት ምክንያት የለም።

ዝሆኔ ተብሎ የሚጠራውን የእግር ማበጥ በተመለከተ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች በአንድ ስም ይጠራሉ። በደጋና በወይና ደጋ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሄዱ ገበሬዎችን የሚይዘው በትንኝ የሚመጣ አይደለም፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ደቃቅ አፈር በቆዳ ውስጥ እየገባ የሚያመጣው ነው። ይህንንም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሲያጠና የቆየው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ከመዳፍ ጀምሮ ሁለቱን እግሮች ይይዛል፤ ከጉልበት በላይ እምብዛም አይወጣም። በቆላ በትንኝ የሚተላለፈው ግን ብዙውን ጊዜ አንዱን እግር አብዝቶ ይይዛል፤ እስከ ብሽሽትም ይደርሳል። ለሁለቱም እግርን በየቀኑ መታጠብ፣ ቆዳውን በቅባት ማለስለስ፣ ማሰርና ማንሣት ይረዳል፤ ለመጀመሪያው ደግሞ ጫማ ዋናው መከላከያ ነው። ባለሙያው ሊጠነቀቅ የሚገባው እግሩ በድንገት ግሎና ቀልቶ ብርድ ብርድ በሚለው ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ዕረፍትና ሐኪም እንጂ እጅ አያስፈልግም።

ስለ ወጌሻ ሥራ ሲነሣ ቃላት ይከርራሉ፤ ንቀት ግን ምንም አይፈይድም፤ ብዙ ወለምታ በእጃቸው ድኗል። ሁለት ነገሮች ብቻ በግልጽ መነገር አለባቸው። ክርኑ የተጎዳ ልጅ በየቀኑ ሲታሽ በጡንቻው ውስጥ አጥንት ይበቅልና ክንዱ ሳይታጠፍ ይቀራል። የተሰበረ ክንድ በቀርከሃ ጠብቆ ሲታሰር ደግሞ ደም መድረስ ያቆማል፤ ጣቶቹ ሲዘረጉ ሕፃኑ ከመጠን በላይ ከጮኸ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ እስሩ ወዲያውኑ ተፈትቶ ልጁ ሆስፒታል መድረስ አለበት። በዚህ የሚጠፋው ጊዜ የሚቆጠረው በሰዓት ነው።

የቀረው የገንዘብ ነገር ነው። መንገድ መጥቶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ብሩን አውጥቶ የቀረበን ሰው አይታሹም ብሎ መመለስ ለባለሙያው ከባድ ነው፤ በተለይ ታናሽ ታላቁን፣ «እባክዎ አባቴ፣ ይህን ሐኪም ይየው» ማለት ሲኖርበት። ምክንያቱ ሳይነገረው የተመለሰ ሰው ከጎረቤት ሄዶ ይታሻል፤ ብርቱ እጅም ይመርጣል። ስለዚህ ክፍያ ሳይቀበሉ ምክንያቱን በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት፣ አብሮት የመጣ ዘመድ ካለም በፈቃዱ እርሱንም ማስረዳት ያስፈልጋል። ከዚያም በቁራጭ ወረቀት ላይ ምን እንደታየ፣ በየትኛው እግር፣ መለኪያው ስንት እንደሆነና ሕመሙ መቼ እንደጀመረ ጽፎ መስጠት፣ ከሁለት ቀን በኋላም ሐኪም ዘንድ መድረሱን መጠየቅ ነው።