እሳትና እስትንፋስ አንድ አየር ይካፈላሉ

የተከበራችሁ የመንዝ፥ የግሼና የመርሐ ቤቴ እናቶችና አባቶች፥ ዛሬ የምንነጋገረው በዓይን ስለማይታይ፥ በእጅም ስለማይጨበጥ ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ አየር ነው።

ሰው እህል ሳይቀምስ ብዙ ቀን ይቆያል፤ ውሃ ሳይጠጣም ቀን ሁለት ቀን ይታገሣል። ያለ አየር ግን ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይኖርም። ከአየሩ ውስጥ ከአምስት እጅ አንዱ እጅ ኦክሲጅን ይባላል። ሰውነታችን የሚሻው ይህንኑ ነው። ስንተነፍስ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ከሳንባ ወደ ደም ያልፋል፤ ደምም ለልብ፥ ለአንጎልና ለመላ አካላት ያደርሰዋል።

እሳትም የሚኖረው በዚሁ ነው። እናቶቼ፥ ይህንን እናንተ በሥራ ታውቁታላችሁ። ጧት እሳቱ እምቢ ሲላችሁ ጎንበስ ብላችሁ እፍ ትሉታላችሁ፤ አየር ሲያገኝ ቦግ ይላል። ማታ ፍሙን በአመድ ታዳፍኑታላችሁ፤ አየር ስለሚያንሰው ቀስ እያለ ያድራል። እስቲ ደግሞ አጭር ጧፍ አብርታችሁ ብርጭቆ ድፉበት። ጥቂት ቆይቶ ድርግም ይላል። ማን አጠፋው? ነፋስ አልነካው፥ ውሃ አልፈሰሰበት። የሚበቃው ኦክሲጅን ስላጣ ነው። ላቩዋዚዬ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ እሳትም እስትንፋስም አንዱን ኦክሲጅን እንደሚፈጁ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አስረድቷል።

አገራችሁ ደጋ ነው። በመሐል ሜዳ አካባቢ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳር ከሚገኘው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያንሳል። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ለምዶታልና በዚህ አይጨነቅ። የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ ብርዱ ቤት ያዘጋል። በጀማ ሸለቆ ያለው የመርሐ ቤቴ ቆለኛ በሩን ከፍቶ ሲያመሽ፥ የመንዝና የግሼ ደገኛ ስንጥቁን በጭቃ መርጎ፥ በሩን ዘግቶ እሳት ከቦ ያመሻል። በሣር ክዳን ቤት ጭስና ትኩስ አየር በክዳኑ መካከል ይወጣ ነበር። ቆርቆሮ ክዳን ያለው፥ ኮርኒስ የተመታበትና ግድግዳው የተመረገ ክፍል ግን እንደ ተደፋው ብርጭቆ ነው።

እንዲህ ባለ ቤት ከሰል ሲነድ ኦክሲጅኑን በመፍጀት ብቻ አያበቃም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም። ከደም ጋር የሚጣበቀው ኦክሲጅን ከሚጣበቅበት ከ200 እጥፍ በላይ በበለጠ ኃይል ነው። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ደሙ ኦክሲጅን ያጣል። «ከሰሉ ፍም ሆኗል፤ ጭሱ ወጥቶለታል፤ ከእንግዲህ አይጎዳም» ይባላል። ይህ ስሕተት ነው። ጭሱ አለቀ ማለት መርዙ አለቀ ማለት አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው አራስ ቤት ነው። «ብርድ ይመታታል፤ ምች ያገኛታል» እየተባለ በርና መስኮት ይዘጋና ከሰሉ ከአልጋዋ አጠገብ ይቀመጣል። አሳቡ የፍቅር ነው፤ አራስና ጨቅላ ሙቀት ያሻቸዋል። ነገር ግን ጨቅላ ሕፃን ከትልቅ ሰው እጥፍና ከዚያም በላይ ፈጥኖ ይተነፍሳል፤ መርዙንም ቶሎ ይስባል። ራሱን ሲስት የተኛ ይመስላል፤ «ዛሬስ እንቅልፍ ወሰደው» ስንል እናጣዋለን። ሕፃኑን የሚያሞቀው የእናቱ ገላ ነው። ልብሱን አውልቃችሁ ከደረቷ ላይ ለጥፉት፤ ራሱን በቆብ ሸፍኑ፤ ከላይ ጋቢና ባና ደርቡባቸው፤ ፊቱና አፍንጫው ግን አይሸፈን።

እንግዲህ በቤታችሁ የምታደርጉት ይህ ነው።

አንደኛ፥ ከመተኛታችሁ በፊት ከሰሉን ከነማንደጃው ወደ ውጭ አውጡ። በአመድ የተዳፈነ ፍምም ቢሆን ሰው በሚተኛበት ክፍል አይደር።

ሁለተኛ፥ እሳት በሚነድበት ጊዜ ከጣራው ሥር ቀዳዳ ይኑር፤ በሩም ገርበብ ይበል። ትኩሱ አየር በላይ ይወጣል፤ ንጹሑ በታች ይገባል። አልጋውን ነፋሱ ከሚገባበት አርቁት፤ ያን ጊዜ አየሩም ይገባል፥ ብርዱም አይመታችሁም።

ሦስተኛ፥ እሳት ዳር ተቀምጣችሁ ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽ ወይም የጉልበት መክዳት ሲሰማችሁ «ድካም ነው» ብላችሁ አትተኙ። በተለይ ሁለት ሦስት ሰው አንድ ላይ ከታመመ ከሰሉን ጠርጥሩ፤ ሁላችሁም ወዲያው ውጡ።

አራተኛ፥ ከሰል ያፈነው ሰው ስታገኙ በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፤ ሰውየውን ፈጥናችሁ ወደ ደጅ አውጡት፤ አንገቱና ወገቡ ላይ የጠበቀውን ልብስ ፍቱለት። ራሱን የሳተን ሰው ወተትም ውሃም አታጠጡት፤ ያንቀዋል። ደጅ ወጥቶ ቢነቃም እንኳ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ «ከሰል አፍኖት ነው» ብላችሁም ለሐኪሙ ንገሩ። መድኃኒቱ ያው ኦክሲጅን ነውና።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ይህን ምክር ዛሬ ማታ ጀምሩት። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ማንደጃውን አንሥቶ ከደጃፍ ማኖር ብቻ ነው። አራስ ያለችበትን ጎረቤት ደግሞ ሳይመሽ ሄዳችሁ ንገሩ።