ያድግበታል፦ የልጅ ልብስና የወንድ ልጅነት በፊልም

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ፣ ጎንደር ቁስቋም፣ የተደረገ ንግግር)




በዛሬው ጉባኤ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የልጅ ልብስና የወንድ ልጅነት በፊልም» የሚል ነው። ለመሐንዲሶች ስብሰባ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ሙያዬ የጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና ስለ ሆነ፣ ፊልም ስመለከት ዓይኔ አስቀድሞ የሚያርፈው በተዋናዩ ትከሻ፣ በጉልበቱና በልብሱ ጠርዝ ላይ ነው። ልብስ የት የት እንደ ሳሳ ያስተዋለ ሰው ባለቤቱ ምን ሲሠራ እንደ ዋለ ለማወቅ አይቸገርም። የፊልሞቹን ዘመን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

የተሰበሰብንበትም ቦታ ለርእሱ የተስማማ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ይህ ደብርና ግንብ ስሙን ያገኘው፣ ሕፃኑ ኢየሱስ ከእናቱ ጋር ከሄሮድስ ሸሽቶ ከተቀመጠበት ከግብፁ ቁስቋም ነው፤ በዓሉም በየዓመቱ ኅዳር 6 ቀን ይከበራል። እንግዲህ የምንገኘው በስደተኛ ሕፃን መታሰቢያ ላይ ነው። ግንቡ ቢፈርስም ግድግዳው ቆሟል፤ በቀይ ድንጋይ የተቀረጸው ጌጥ ይታያል፤ መሐንዲስ ሊለካው፣ ሊጠግነውም ይችላል። ይህ ግንብ ሲሠራ ድንጋይና ውሃ ያቀበለ፣ በዚህ ኮረብታ ላይ ከብት የጠበቀ ልጅ ምን ለብሶ እንደ ነበረ የሚያሳየን ግን አንድ ክር እንኳ አልቀረም።

ለምን አልቀረም ብለን ብንጠይቅ መልሱ ከቁጠባ የሚመነጭ ነው። የትልቅ ሰው ጋቢ ከባለቤቱ ጋር ያረጃል። የልጅ ልብስ ግን የአንድ ልጅ ሆኖ አያውቅም። ለታላቁ ተሰፍቶ ለታናሹ ይተላለፋል፤ ከታናሹ ላይ ሲያልቅ ደህናው ክፍል ለሌላ ልብስ መጣፊያ ይሆናል፤ የቀረው የሕፃን መጠቅለያ፣ ከዚያም ድስት ማውረጃ ሆኖ በምድጃ ዳር ያልቃል። በዚህ ምክንያት የነገሥታትና የመኳንንት ካባ በየዕቃ ቤቱና በየቤተ መዘክሩ ሲገኝ፣ የእረኛ ጥብቆ ፈልጎ ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነው። የሰው እጅ ያላቆየውን ይህን ልብስ ሊያቆይ የሚችለው ካሜራ ነው። የንግግሬም ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ በፊልም ላይ ልጅን የሚያለብስ ባለሙያ ምስክርነት እየሰጠ ነው፤ ምስክርነቱም እንደ ማናቸውም ምስክርነት እውነት ወይም ሐሰት ሊሆን ይችላል።

በደጋው የጎንደር አገር ወንድ ልጅ በልብስ ደረጃ በደረጃ ሲያድግ ኖሯል። በሕፃንነቱ የሚለብሰው ጥብቆ ነው፤ ከሥሩ ሱሪ የማያስፈልገው አጭር ልብስ። ከብት ማገድ ሲጀምር ቁምጣ ይጨመርለታል። ብርዱ በሚበረታበት አገር የበግ ለምድ ወይም ከበግ ጠጉር የተሠራ በርኖስ ይደርባል። ከዚያ በኋላ ሱሪ ይመጣል። በቋንቋችን «ሱሪ ታጥቄ!» ብሎ የሚፎክር ሰው ስለ ልብሱ ሳይሆን ስለ ወንድነቱ መናገሩ እንደ ሆነ ሁላችን እናውቃለን።

ከዚህ መሰላል ውጭ የቆመ አንድ ልብስ አለ፤ እርሱም የቆሎ ተማሪ ደበሎ ነው። ጎንደር የአቋቋም ትምህርት ማዕከል በመሆኗ ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጡ ልጆች ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ የየደጃፉን ውሻ በበትር እየተከላከሉ ሲማሩ ኖረዋል። ደበሎ ለማያውቀው የችግር ምልክት ነው። ለሚያውቀው ግን የይለፍ ወረቀት ነው፤ ልጁ የማን እንደ ሆነ ሳይጠየቅ በየቤቱ እንዲመገብ የሚያደርግ ነው። አንድ ዓይነት ቆዳ እንደ ተመልካቹ ዕውቀት ሁለት ትርጉም ይሰጣል ማለት ነው።

ለልጅ ልብስ የሚገዛ ወላጅ በገበያም ሆነ በልብስ ሰፊው ደጅ የሚናገራት አንዲት ቃል አለች፤ «ያድግበታል» ትባላለች። እጅጌው መዳፉን አልፎ ቢወርድ፣ ወገቡ ሁለት ልጅ የሚይዝ ቢመስል፣ ያድግበታል። ቃሏ የሒሳብ ቃል ናት፤ ልብሱ የሚቆይበትን ዘመን ልጁ ከሚያድግበት ፍጥነት ጋር ታመዛዝናለች። የተስፋ ቃልም ናት፤ ልጁ እንደሚኖርና እንደሚያድግ አስቀድማ ትናገራለች። ስለዚህ የልጅ ልብስ ልክ የሚሆነው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ይሰፋዋል፤ ከዚያ በኋላ ያጥረዋል።

ስለ ልጅነት የተሠሩ ታላላቅ ፊልሞች ይህን ያውቃሉ። ቻርሊ ቻፕሊን በ1921 ባወጣው «ልጁ» በተባለው ድምፅ አልባ ፊልም ትንሹ ጃኪ ኩገን ሰፊ ሱሪና ሰፊ ኮፍያ አድርጎ ይታያል። አሳዳጊው ቻፕሊን ደግሞ ኮቱ ጠብቦታል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ የአንዱ ትርፍ የሌላው ጉድለት ሆኖ ይታያል፤ ቃል ሳይነገር ዝምድናቸው ይገባናል። በቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» (1948) ታሪኩ የሚነሣው ከጨርቅ ነው፤ የብሩኖ እናት የአልጋ አንሶላዎቿን አስይዛ በመያዣ ያለውን የባሏን ብስክሌት ታስለቅቃለች። ብሩኖም በዕድሜው ልጅ ቢሆን በነዳጅ ማደያ ይሠራል፤ በመጨረሻም አባቱ በሕዝብ ፊት ሲዋረድ አይቶ እጁን የሚይዘው እርሱ ነው። በኢራናዊው ማጂድ ማጂዲ «የሰማይ ልጆች» (1997) ወንድሙ የእኅቱን ጫማ ስለ ጣለ ሁለቱ በአንድ ጫማ እየተቀያየሩ ትምህርት ቤት ይመላለሳሉ። የሦስተኛው ሽልማት ጫማ በሆነበት ውድድር ሮጦ፣ አንደኛ በመውጣቱ የሚያዝን ልጅ እናያለን። ሪቻርድ ሊንክሌተር ደግሞ በ2014 ለሕዝብ ያቀረበውን «ቦይሁድ» የተባለ ፊልም ከ2002 ጀምሮ ለ12 ዓመት ያህል አንዱን ልጅ እያሳደገ አነሣው። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ልብሱ፣ ጨርቁና ጫማው ጌጥ አይደለም፤ ታሪኩን የሚሸከመው እርሱ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ይከብዳል፤ ለብዙ ዘመን የኢትዮጵያን ልጅ ለዓለም ሲያሳይ የኖረው የሌላ ሰው ካሜራ ነውና። ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበትና በ1936 ጎንደርን በያዘችበት ጊዜ የሉቼ ድርጅት ፊልም አንሺዎች ከጦሩ ጋር ተሰልፈው ነበር፤ የአገሬው ሰው አለባበስና ኑሮ ለወረራው ምክንያት ማስረጃ ተደርጎ ቀረበ። በጥቅምት 1984 ደግሞ መሐመድ አሚን በኮረም ያነሣው፣ ማይክል በርክ የዘገበበት ፊልም በቢቢሲ ታየ። ያ ፊልም እህል አስገኝቷል፤ ሕይወት አድኗል፤ ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም ከዚያ ወዲህ በውጭ ተመልካች ዓይን በኢትዮጵያዊ ልጅ ላይ ያለ ያረጀ ጨርቅ አንድ ትርጉም ብቻ ኖረው፤ ረኃብ። «ያድግበታል» የምትለዋ እናት ከሥዕሉ ወጣች።

የራሳችን ባለሙያዎች ለዚህ መልስ ሰጥተዋል። በ1946 በጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ በ1976 ያቀረበው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በጥቁርና ነጭ የተሠራ፣ የባላባትና የጭሰኛ ቤተሰብን ኑሮ የሚያሳይ ፊልም ነው። ቀለም ሲወገድ የጨርቅ ሽመና፣ የክሩ ውፍረትና የተጣፈው ቦታ ጎልቶ ይወጣል። የጭሰኛው ልጆች ከብት ሲያግዱ የምናየው ልብስ የሥራ ልብስ ነው፤ ተመልካቹም ከማዘኑ በፊት ሥራቸውን ያያል። በ2008 በወጣው «ጤዛ» ደግሞ የገጠር ልጆች በደርግ ዘመን ከነበረው የግዳጅ ምልመላ ሸሽተው በዋሻ ይደበቃሉ። እዚህ ላይ ወንድ ልጅን ከልጅነቱ የሚያወጣው ሱሪ ሳይሆን የወታደር ልብስ ነው፤ የሚያድግበት መሆኑንም ማንም አያረጋግጥለትም።

የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 በካን የፊልም በዓል ይፋ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የተባለው ልጅ እናቱ ከሞተች በኋላ አባቱ ከዘመድ ቤት ትቶት ወደ አዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ልጁ ምግብ ማብሰል ይወዳል፤ አጎቱ ግን ይህን ከወንድ ልጅ አይቀበልም፤ የሚወዳትንም በግ ለበዓል እንዲያርድ ያዘዋል። ሱሪ መታጠቅ ብቻውን ለአጎቱ በቂ አለመሆኑን እናያለን። የውጭ አገር ሰው ቢሠራውም ጎንደርን በቅርብ የሚነካ ሌላ ፊልም አለ፤ የራዱ ሚሃይሊያኑ «ኑር፣ ሁንም» (2005) የሚባለው። አንዲት ክርስቲያን እናት ከሱዳን የስደተኞች ሰፈር ልጇን በ1984 ወደ እስራኤል ከሚሻገሩት ቤተ እስራኤላውያን ጋር፣ በሞተ ልጅ ስም አድርጋ ትሰደዋለች። ልጁ የሌላ ልጅ ስም ለብሶ ያድጋል። እኅት ወንድሞቻቸውን ከወለቃና ከአምቦበር ለሸኙ የዚህ አገር ሰዎች ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። በፊልሞቻችን የገጠር ልጅ ሲለብስ የማያቸው ስሕተቶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው መቀስ ነው። አዲስ ጨርቅ ተገዝቶ በመቀስ ይቀደድና «አሮጌ» ይባላል። በእጅ በተሠራ ሸማ ግን አብዛኛውን ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ በእጅ የተፈተለ ለስላሳ ክር ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ የሚያልቀው ማጉ ነው፤ ድሩ እንደ ወንፊት ቆሞ ይቀራል። ቦታውም እንደ ሥራው ይለያያል። እረኛ ዱላና ሸክም በሚያሳርፍበት ትከሻ፣ ድንጋይ ላይ በሚቀመጥበት በኩልና እሾህ በሚይዘው ጠርዝ ላይ ልብሱን ይጨርሳል፤ ተማሪ ክርኑን ይጨርሳል። መቀስ ይህን አያውቅም።

ሁለተኛው ጭቃ ነው። ድሀ ልጅ ሁልጊዜ የቆሸሸ ነው ከሚል አሳብ የተነሣ ተዋናዩ ጭቃ ይቀባል። እናቶች በወንዝ ዳር በእንዶድ ሲያጥቡ መኖራቸው ይረሳል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተውለው ለቢልሃርዝያ መከላከያ የሚሆን ታላቅ ግኝት ላይ የደረሱት አጣቢዎችን ከቁም ነገር ስለ ቈጠሩ ነው። ቀዳዳና የተጣፈ ልብስም አንድ አይደሉም። በቀዳዳው ላይ የተጣፈው እራፊ ልጁ አሳቢ እንዳለው ይናገራል።

ሦስተኛው ከፍታን መርሳት ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ፣ ከዚህ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ደባርቅ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል እንደሚቀዘቅዝ ብናሰላ፣ በሁለቱ መካከል ከ4 ዲግሪ በላይ ልዩነት እናገኛለን። የመተማን ቆላ ብንጨምር ልዩነቱ እጅግ ይሰፋል። ሦስቱንም ልጆች በአንድ ቁምጣ የሚያለብስ ፊልም አገሩን አላየም።

ይህ ሁሉ ጥቃቅን ነገር ነው የሚል አይጠፋ ይሆናል። ነገር ግን ፊልሙን የሚያየው ልጅም መኖሩን እናስብ። ከገጠር መጥቶ በከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ፣ እርሱን የመሰለ ልጅ በቴሌቪዥን ላይ የተቀደደ ልብስ ለብሶ መሣቂያ ሲሆን ደጋግሞ ያያል። አጠገቡ ያሉት ሲሥቁ እርሱም ይሥቃል። ከዚያ በኋላ እናቱ የጣፈችለትን ክንድ ከጀርባው መደበቅ ይማራል። የቸገረው መሆኑ ነውር አልነበረም፤ ነውር ያደረገበት ሥዕሉ ነው። በሙያችን ቋንቋ ስንናገር፣ ስሕተት ያለው ንድፍ ጉዳት የሚያደርሰው በነዳፊው ላይ ሳይሆን በተጠቃሚው ላይ ነው።

ስለዚህ ሦስት አሳቦች አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ አባል በሚሠራበት ወረዳ የልጆችን አሮጌ ልብስ ባለቤቶቹን አስፈቅዶ ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ቁመቱንና ስፋቱን ይለካ፤ ማን እንደ ፈተለው፣ ማን እንደ ሸመነው፣ ለስንተኛ ልጅ እንደ ደረሰና የት እንደ ሳሳ ይመዝግብ። ሁለተኛ፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማሩ ወጣቶች ይህን ለመመረቂያ ጥናታቸው እንዲመርጡ እናበረታታ። ሦስተኛ፣ ወደዚህ አገር ፊልም ለማንሣት የሚመጡ ባለሙያዎች ልብስ ከመግዛታቸው በፊት መዝገቡን እንዲያዩ በራችንን እንክፈት። ወጪው አንድ ሜትርና አንድ ደብተር ነው።

የእቴጌይቱን ግንብ ለመጠገን ኖራና ድንጋይ መርምረናል፤ ይህም ተገቢ ነው። በግንቡ ጥላ ሥር ያደገው ልጅ ግን ለጥገና የሚሆን ፍርስራሽ እንኳ አልተወልንም። የዛሬውን ልጅ ልብስ ዛሬ ካልመዘገብን፣ የነገው ፊልም ሠሪ እንደገና መቀስና ጭቃ ያነሣል፤ እኛም ልንወቅሰው አንችልም።