ዘበኛው የት ይቁም?

ከባትሪ ወደ ጋቢና ስለሚዘረጋ ወፍራም ሽቦ በማኅበራችን የንግግር ምሽት የተነገረ



ዛሬ ማታ በተፈቀደልን አጭር ጊዜ የምንናገረው ስለ አንድ ሽቦ ነው። ይኸውም ከከባድ መኪና ባትሪ ተነሥቶ ወደ ጋቢና ስለሚገባው ወፍራም የመዳብ ሽቦ ነው። ጉዳዩ ለጋራዥ እንጂ ለዩኒቨርሲቲ አዳራሽ አይሆንም የሚል ቢኖር፣ ነገሩን እስክንጨርስ እንዲታገሠን እንለምናለን። ይህ ሽቦ በክፍል ውስጥ የተማርነውን ፈትኖናልና፤ በፈተናውም ወድቀናል።

የአገራችን የገቢና የወጪ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል እንደሚመላለስ የታወቀ ነው። ከአዲስ አበባ በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ ወደቡ የሚደርሰው መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በዚህ መንገድ የሚመላለሱት ሾፌርና ረዳት ብዙ ጊዜ የሚያድሩት እዚያው ጋቢናቸው ውስጥ ነው። የአፋርን በረሃ ሙቀት የሚያውቅ ሰው፣ ለቀዝቃዛ ውሃ የምትሆን ትንሽ ማቀዝቀዣና ሻይ የሚያፈላ ኤሌክትሪክ ቢመኙ አይፈርድባቸውም። ጋቢናው ቤታቸው ነውና።

በክረምት ዕረፍት እኛ ጥቂት የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪዎች ሥራ ለመልመድ አንድ ጋራዥ ገብተን ሳለ፣ እንዲህ ያለ ሾፌር መጣ። የባትሪውን 24 ቮልት ወደ 220 የሚለውጥ፣ 1,000 ዋት የሚሰጥ ኢንቨርተር ገዝቷል። የጋራዡ ሽማግሌ ኤሌክትሪሻን ለሌላ ሥራ ወጥተው ነበርና፣ «እኛ እንሠራዋለን» አልን።

በመጀመሪያ ስሌቱን ሠራን። 1,000 ዋት በቤታችን 220 ቮልት 4.5 አምፔር ያህል ብቻ ይጠይቃል። በ24 ቮልት ግን 42 አምፔር ይሆናል፤ ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነው ሲጨመርበት ወደ 46 ይደርሳል። ልብ በሉ፤ ኃይሉ ያው ነው፣ ጅረቱ ግን ዐሥር እጥፍ ሆነ። ሙቀት ደግሞ የሚያድገው በጅረቱ ካሬ ስለ ሆነ፣ በአንድ ዓይነት ሽቦ ላይ የሚወጣው ሙቀት መቶ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ጄምስ ጁል እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1841 ያሳተመው ሕግ ይህ ነው።

ሾፌሩ ይዞት የመጣው ሽቦ ለቤት ሶኬት የሚሆነው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነበር። ከባትሪው እስከ ጋቢናው 6 ሜትር፣ መመለሻው ሲደመር 12 ሜትር ነው። በዚህ ርዝመት ያ ሽቦ አራት ቮልት ያህል ይበላል፤ ወደ 180 ዋት የሚጠጋም ሙቀት ያወጣል። ባለ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ግን የሚበላው 0.6 ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ ወፍራሙን አስገዛነው፤ በስሌታችንም ኮራን። እስከዚህ ድረስ ስሕተት አልነበረብንም።

ከዚያ በኋላ ሽቦውን ሻሲውን አስይዘን ዘረጋነው። የጋቢናውን ወለል በትራፓኖ በስተን አስገባነው፤ ባለ 60 አምፔር ፊውዝም ለእይታ በሚያመች ቦታ፣ ከኢንቨርተሩ አጠገብ አሠርን። ኢንቨርተሩ ሠራ፣ ሻዩም ፈላ፤ ሾፌሩ መርቆን ሄደ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መኪናው ለዘይት ቅያሪ ተመለሰ። እንደምታውቁት የእንደዚህ ያለ መኪና ሞተር ከጋቢናው ሥር ስለ ሆነ፣ ሞተሩን ለማየት ጋቢናው ወደ ፊት ይታጠፋል። እኛ ደግሞ ሽቦውን አጥብቀን ወጥረነው ነበር። ጋቢናው ሲታጠፍ ሽቦው በበሳነው ብረት ጠርዝ ላይ ተሳበ፤ የላስቲክ ልብሱም ተቀደደ። ጋቢናው ወደ ቦታው ሲመለስ መዳቡ ብረቱን ነካ። በአንድ አፍታ ጭስ ወጣ፤ ሽቦውም ርዝመቱን ሙሉ ይቀልጥ ጀመር። ረዳቱ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ሽቦውን ከባትሪው ባይነቅለው ኖሮ፣ ጋቢናው በተቃጠለ ነበር።

ጭሱ ሲበርድ ፊውዙን ከፍተን አየነው። ደኅና ነበር፤ አልተቃጠለም። ጅረቱ ከባትሪው ወጥቶ፣ በተቀደደው ቦታ ወደ ሻሲው ገብቶ፣ ወደ ባትሪው ተመለሰ እንጂ እፊውዙ ዘንድ ጨርሶ አልደረሰም። የከባድ መኪና ባትሪ ደግሞ እንዲህ በአጭር ሲገናኝ ከአንድ ሺህ አምፔር በላይ ሊያፈስ ይችላል።

ሽማግሌው ኤሌክትሪሻን ነገሩን ካዩ በኋላ አልተቆጡንም። «ልጆቼ፣ ዘበኛ የሚቆመው በር ላይ ነው ወይስ እልፍኝ ውስጥ?» ብለው ብቻ ጠየቁን። እኛም አንገታችንን ደፋን።

ከዚያ ቀን ወዲህ የገባን ይህ ነው። ፊውዝ የሚጠብቀው ኢንቨርተሩን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ስለዚህ ቦታው የኃይሉ መነሻ ላይ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከአንድ ስንዝር ባልራቀ ሥፍራ ነው። ልኩም ሥራው ከሚጠይቀው ጅረት ከፍ፣ ሽቦው ያለ ጉዳት ሊሸከም ከሚችለው ዝቅ ይበል። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ትልቅ የሚተካ ሰው ዘበኛውን አሰናብቶ እንደሚተኛ ይቈጠራል።

በማግሥቱ ሥራውን ከሽማግሌው ጋር እንደገና ሠራነው። የባትሪውን ኔጋቲቭ አስቀድመን ፈታን፤ ቁልፋችን በድንገት ሻሲውን ቢነካ እንኳ እሳት እንዳይፈጥር ነው። ቀዳዳውን በሞረድ አለስልሰን የጎማ ቀለበት አለበስነው። አዲሱን ሽቦ በላስቲክ ቱቦ ከትተን፣ ከማርሚታው፣ ከነዳጁና ከፍሬኑ የአየር ቱቦ አርቀን፣ በየስንዝር ተኩሉ አሠርነው። ጋቢናው በሚታጠፍበት ማጠፊያ በኩል አሳልፈን፣ በዚያ ሥፍራ ትርፍ ርዝመት ተውንለት፤ ጋቢናውንም ደጋግመን አጥፈን አየነው። ጫፎቹን ተጠማዞ በናስትሮ በመጠቅለል ፈንታ ካፖኮርዳ አግብተን በመሣሪያ ጨፈለቅናቸው። የመመለሻውንም ሽቦ በዚያው ውፍረት አደረግነው። ፊውዙን ከባትሪው አጠገብ፣ ሁሉ ካለቀ በኋላ መጨረሻ ላይ አስገባን።

ሾፌሩ ለራዲዮውና ለስልኩ 12 ቮልት ከአንደኛው ባትሪ ላይ እንድንስብለት ለምኖ ነበር። ሽማግሌው አልፈቀዱም። ሁለቱ ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተቀጣጥለው በአንድነት ስለሚሞሉ፣ ከአንዱ ብቻ ከተወሰደ ያ ሁልጊዜ ጎድሎ ይቀራል፤ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል፤ ሁለቱም ዕድሜያቸው ያጥራል። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ መሣሪያ ተገዝቶ ነገሩ ተፈጸመ።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ስሌታችን ትክክል ነበር፤ ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነበር። የኦምን ሕግ በወረቀት ላይ በደንብ እናውቃለን። ነገር ግን ሽቦው በየት እንደሚያልፍ፣ ምን እንደሚቈርጠው፣ በላዩም ማን እንደሚተኛ አልጠየቅንም ነበር። በወረቀታችን ላይ ሽቦው ቀጥ ያለ መሥመር ነው፤ በመኪናው ላይ ግን ይርገበገባል፣ ይታጠፋል፣ ብረት ይነካል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። መምህራኖቻችን፣ በቤተ ሙከራ ፊውዝን ስናጠና ልኩን ብቻ ሳይሆን ቦታውንም እንድንመረምር እንዲያደርጉን እንለምናለን። ጓደኞቻችን ደግሞ፣ በዕረፍታችሁ ጋራዥ ስትገቡ በስሌታችሁ አትፈሩ፤ ነገር ግን ትራፓኖውን ከማንሣታችሁ በፊት በሥራው ያረጀውን ሰው ጠይቁ። ያ ሾፌር ዛሬም በዚያ መንገድ ይመላለሳል፤ ሌሊትም ከሽቦው በላይ ይተኛል። ይህን ስናስብ እኛም እንቅልፍ የሚወስደን ዘበኛው በር ላይ መቆሙን ስለምናውቅ ነው።