የቦርጭ ቀዶ ሕክምናና የቁጠባ ገንዘባችን

(በጎጆ ከተማ በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ድንች ዘር ብድር አይደለም። ሂሳብ ክፍል ድረስ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለሆድ ቀዶ ሕክምና ብድር ይሰጣል ወይ?» ብለው የጠየቁን አባላት አሉ። ነገሩ በስብሰባ ሲነሳ የሳቁ ነበሩ። እኛ አልሳቅንም። አራት ልጅ ወልዳ ያሳደገች ሴት ገበያ መሀል «ደግሞ አረገዝሽ እንዴ?» ስትባል ምን እንደሚሰማት ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። የወንድ ቦርጭ የድሎት ምልክት ነው ይባላል፤ የእኛ ግን የሰው መጠያየቂያ ይሆናል።

እስቲ ከሥሩ እንየው። ከወሊድ በኋላ ሆድ እንደተነፋ የሚቀረው አንድም በስብ፣ አንድም በተለጠጠ ቆዳ፣ አንድም መሀል ለመሀል በተራራቀ ጡንቻ ነው። ስቡ በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ይቀንሳል። በጣም የተለጠጠ ቆዳ ግን በስፖርት አይመለስም። የጡንቻውን መራራቅ ቤታችን ሆነን ማየት እንችላለን፦ በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ ጭንቅላትን ትንሽ ቀና አድርጎ እምብርት አካባቢ በጣት መዳሰስ ነው። ሁለት ጣትና ከዚያ በላይ የሚያስገባ ክፍተት ካለ ተራርቋል ማለት ነው። ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ብዙ ጊዜ በራሱ እየጠበበ ይሄዳል፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚያሳየው እንቅስቃሴም ይረዳል። እናቶቻችን አራስን በመቀነት ጠበቅ አድርገው ማሰራቸው ወገብ ይደግፋል፤ የተራራቀውን ጡንቻ ግን መልሶ አያገጣጥምም። ስለ ገንፎውና ስለ ቅቤው ዛሬ አንናገርም፤ የሚቆጣን ሰው ብዙ ነው።

ከውበት ጋር የማይቀላቀል ነገር አለ። ስናስል ወይም ስንሸከም ብቅ የሚል እብጠት ሄርኒያ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የሕመም ጉዳይ ነው። እብጠቱ ጠጥሮ አልመለስ ካለ፣ ካመመና ካስመለሰን በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለብን። ያለ እርግዝና እያደገ የሚሄድ ሆድም የማህፀን ዕጢ ወይም የጉበት ሕመም ሊሆን ስለሚችል፣ ስለ ቦርጭ ከማሰባችን በፊት በአልትራሳውንድ ይታይ።

ቀዶ ሕክምናው ቀላል አይደለም። በሙሉ ሰመመን፣ ከእምብርት በታች ከአንዱ ዳሌ እስከ ሌላው ድረስ ይቀደዳል። ትርፉ ቆዳና ስብ ተቆርጦ ይወጣል፣ የተራራቀው ጡንቻ ተሰብስቦ ይሰፋል፣ ለእምብርትም አዲስ ቦታ ይበጅለታል። ጠባሳው ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም። ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ከሥሩ ፈሳሽ ሊጠራቀም ይችላል። ከሁሉ የሚያስፈራው እግር ውስጥ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሲሄድ ነው፤ ይህ ይገድላል። ክብደት መቀነሻም አይደለም። ገና ልትወልድ ያሰበች እህት ብትቆይ ይሻላታል፤ እርግዝና የተሰፋውን መልሶ ይለጥጠዋልና።

አሁን ወደ ሥራችን፣ ወደ ሂሳቡ እንምጣ። ሐኪሙ የሚነግረን ዋጋ የወጪው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ከጎጆ በጊንጪ በኩል አዲስ አበባ መመላለስ፣ ለክትትል እዚያው መሰንበት፣ መድኃኒት፣ የሆድ መደገፊያ ቀበቶ፣ ችግር ቢፈጠር ደግሞ እንደገና መተኛት አለ። ከዚያ በኋላ ለስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር አይነሳም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ልጅ ማዘል፣ የሊጥ ባልዲ ማንሳት፣ ድንች መኮትኮት የለም። በየትኛውም ደረሰኝ ላይ የማይጻፈው ትልቁ ወጪ ይህ ነው። ባሏ ስድስት ሳምንት ሙሉ ውሃ ሲቀዳ ያየች ካለች እጇን ታውጣ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለውበት ተብሎ የሚደረግ ሕክምናን አይሸፍንም። ሄርኒያ ግን ሕመም ስለሆነ፣ መዋጮዋን የከፈለች አባል ከጤና ጣቢያ ጀምራ በሪፈር መሄድ አለባት። ሪፈሩን ዘልላ የግል ክሊኒክ ከገባች በኋላ ደረሰኝ ይዛ ብትመጣ ልንረዳት ይቸግረናል።

የብድር ኮሚቴው ሐሳብ እንዲህ ነው። ተዘዋዋሪው ብድር የሚመለሰው ከሚያፈራው ነው፤ በግ ይደልባል፣ ድንች ይሸጣል። የሆድ ቀዶ ሕክምና ገቢ አያመጣም፤ ስለዚህ ከዚያ ገንዘብ አናበድርም። ለጋሾቻችንም ገንዘቡን የሰጡት ለዚያ ሥራ ነው። ለሄርኒያ ከድንገተኛ መጠባበቂያው እንሰጣለን፣ ወለድም አንጠይቅም። አንዲት አባል በገዛ ቁጠባዋ ልሠራ ካለች ግን የራሷ ገንዘብ፣ የራሷ ገላ ነው፤ ማንም አያስፈቅዳት፣ ማንም አይሳቅባት። ማታ በሆዷ ምክንያት እያለቀሰች የምትተኛ ሴት ለራሷ ብር ማውጣቷ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ካለ፣ እኛ በዚያ አንስማማም።

ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ስብሰባ ነው። የቁጠባ ማውጫው ቅጽ እኛ ጋ አለ። ለቀዶ ሕክምና ለሚያወጡ አንድ መስመር ጨምረንበታል፤ ለስድስት ሳምንት ውሃ የሚቀዳላት ሰው ስምና ፊርማ የሚሞላበት።