እያንዳንዱ ልጅ በራሱ አንደበት ያንብብ
(በወረታ ከተማ ለታችኛው ክፍል የአማርኛ መምህራን በተዘጋጀው የንባብ ማስተማር ሥልጠና ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)







  

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፤

የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች አንሥቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ስም የሚነሣው ከውጤቱ ጋር ነው። ከዚያ ዓመት ተፈታኞች በሀገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ወላጅ ሊወቅሰን ሲመጣ እውነት አለው። እኔ ግን ወቀሳውን ይዤ ወደ 1ኛ ክፍል እወርዳለሁ። የ2014 ተፈታኞች ትምህርት ቤት ሊገቡ ሲሉ፣ በ2002 ዓ.ም.፣ በስድስት የሀገራችን ቋንቋዎች የንባብ ምዘና ተካሂዶ ነበር። ከመቶ የ2ኛ ክፍል ልጆች 34ቱ ለደረጃቸው ከተዘጋጀው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያም የ2012ቱ ኮሮና ትምህርት ቤቶቻችንን ዘጋ፤ የጸጥታው ችግርም ተከተለ። በእኛ በፎገራ ሜዳ ላይ ደግሞ በክረምት ማብቂያ የርብና የጉማራ ሙላት፣ በኅዳር የሩዝ አጨዳ ልጆቻችንን ከክፍል ያስቀራሉ።

ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ደጋግሜ የማነሣው በእጃችን ያለውን ነው። ለክትትል ክፍል ስንገባ መምህሩ «በሉ!» ይላል፤ ስልሳው ልጅ ገጹን በአንድ ድምፅ ይወጣዋል። አንዱን ልጅ አስነሥተን ከመካከል «ጎ»ን ስናሳየው ግን «ገ፣ ጉ፣ ጊ፣ ጋ…» እያለ በጣቱ ቆጥሮ ሰባተኛዋ ላይ ይደርሳል። እንዲህ እየቆጠረ ሁለተኛውን ፊደል ሲያገኝ የመጀመሪያው ይጠፋዋል፤ ቃሉ ሳይገጣጠም ይቀራል። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ፣ «ይበላል» የሚለውን ለማንበብ የዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ መያዝ ግድ ነው። በቆጠራ የተጠመደ ልጅ ይህን ከየት ያመጣዋል? የኅብረቱ ድምፅ ይህን ልጅ ይሸፍነዋል፤ እኛም አነበበ ብለን እናሳልፈዋለን።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የቤተ ክህነት ትምህርት ማዕከላቱ፣ የድጓው ቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥእቱ ዙር አምባ፣ ያሉት በዚሁ በደቡብ ጎንደር ዞናችን ነው። በቤተ ክህነቱ ንባብ ቤት የኔታ ልጁን ብቻውን አስቀርበው፣ ፊደሉን በስንደዶ እያስነካ ሲያነብ ይሰሙታል። ሀሁን በተራ የሸመደደውን፣ የፊደሉ ተራ በተቀላቀለበት በአቡጊዳ ያፈርሱበታል፤ ቀድሞ ያወቀውም ልጅ ታናሹን ያስቀጽላል። ይህን ወደ ክፍላችን እናምጣው። መምህር በቀን አምስት ልጆችን ለየብቻቸው ቢሰማ፣ ስልሳ ልጅ ያለበት ክፍል በ12 የትምህርት ቀን ይዳረሳል። የቀሩት በዚያ ሰዓት ጥንድ ጥንድ ሆነው ያንብቡ። የሰማነውንም እንጻፍ፤ የትኛው ልጅ የትኛው ፊደል ላይ እንደተደናቀፈ ካልተመዘገበ ነገም እዚያው ይደናቀፋል። ርእሳነ መምህራንም በክትትል ወቅት ከዕለት ዕቅዱ ቀድማችሁ ይህን መዝገብ ጠይቁልኝ።

ክቡራትና ክቡራን፤

ከዚህ ሥልጠና የሚጠበቀው የመምህራንን አቅም መገንባት፣ የልጆችን የማንበብ ክህሎት በዘላቂነት ማሻሻልና የባለድርሻ አካላትን ቅንጅት ማጠናከር ነው። ወላጆችም ማታ ልጃችሁን አንድ ገጽ አስነብቡ፤ ራሳችሁ ማንበብ ባትችሉ እንኳ ቁጭ ብላችሁ መስማታችሁ ያበረታዋል። ጽሕፈት ቤታችን በአቅሙ ሁሉ ከጎናችሁ ነው።

ሥልጠናው በይፋ መከፈቱን አበሥራለሁ።