ድልድዩን ተሻግሮ ጡረታ

እሷ፦ ጋሼ፣ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ፣ የእኛ ጡረተኞች ቡና ላይ የሚያነሱት ሐሳብ አለ፤ ኪራዩ ከጡረታው በልጧልና የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ በድልድዩ ተሻግሮ የሜሪላንዱ ዶርቼስተር ካውንቲ ርካሽ ቤት መግዛት፣ አጋዘን እያደኑ መኖር።

እሱ፦ አደኑ እውነት ነው። የካውንቲውን ረግረግ የሞላው ሲካ የእስያ አጋዘን ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1916 እዚያው ጄምስ ደሴት ላይ ተለቅቆ ወደ ዋናው ምድር ተሻገረ። የአዳኝ ደህንነት ትምህርትና ፈቃድ ግን ያስፈልጋል።

እሷ፦ ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል። ግን ሳይባረክ በጥይት የወደቀ ይበላል?

እሱ፦ እሱን የነፍስ አባትሽን ጠይቂ። እኔን የሚያስፈራኝ ውሃው ነው። እዚያው ያለው ብላክዋተር የሚባለው የዱር እንስሳት መጠለያ ከ1930ዎቹ ወዲህ ከ5,000 ኤከር በላይ ረግረግ አጥቷል። ባሕሩ ከፍ ይላል፣ መሬቱም ይሰምጣል። የቤቱ ዋጋ ዝቅ ያለበት አንዱ ምክንያት ይሄው ሊሆን ይችላል።

እሷ፦ እኔን ደግሞ ብቸኝነቱ። እናቴ ብትሆን አልፈቅድላትም። ሌሊት ቢያማት ማን ይደርስላታል? እድሩም ቤተ ክርስቲያኑም ከድልድዩ ወዲህ ነው።

እሱ፦ እንግዲያው ሳይፈርሙ በፊት ባሕሩ ሲሞላ ሄደው መንገዱን ይዩት። የጎርፍ መድን ዋጋም ይጠይቁ።